ጥያቄና መልስ፦ የጎማ ዳዶ፣ ተሳቢና የሐረጎ ቁልቁለት

በዚህ ወር ከደረሱን የመኪና ጥያቄዎች መካከል ስድስቱ ስለ ጎማ ዳዶ፣ ማለትም ጎማውን ብሎኑ ላይ ስለሚያስረው ባለ ጥርስ ብረት፣ የሚጠይቁ ናቸው። ሁሉም የመጡት ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለሆነ አሳጥረን በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ዕቃ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ከነተሳቢው አለኝ። ጎማ በተቀየረ ቁጥር የተሳቢው ዳዶ ሁለት ሦስት ቀን ሳይቆይ ይላላል። ረዳቱ መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ፣ ላዩ ላይ ወጥቶ እየዘለለ ነው የሚያጠብቀው። ባለፈው ሁለት ብሎን ተቆርጦ አገኘን። ከዚህ በላይ በምን ይጥበቅ? (የተሳቢ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከዚህ በላይ አይጥበቅ፤ ብሎኖቹን የቆረጠው ይኸው ዝላይ ሊሆን ይችላል። ዳዶ ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል። የተለጠጠ ብረት ወደ ቦታው ልመለስ ብሎ ስለሚስብ ቸርኬውን (ጎማው የሚገባበትን ክብ ብረት) ከሞዞው (ብሎኖቹ ከተተከሉበት፣ አክስሉ ጫፍ ላይ ከሚሽከረከረው ብረት) ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ጭነቱን የሚሸከመው ደግሞ በቸርኬውና በሞዞው ፊት መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ ብሎኑ ሥራው መጭመቅ ብቻ ነው። ብሎኑ ከአቅሙ በላይ ከተለጠጠ እንዳረጀ ላስቲክ ረዝሞ ይቀራል፣ መልሶ አይስብም። ከአቅሙ በታች ከጠበቀ ደግሞ ቸርኬው በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ብሎኑን ወዲህና ወዲያ ያጣጥፈዋል። ሽቦ በእጅ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ ሁሉ ብሎኑም በድካም ይቆረጣል። ሁለቱም ስህተት መጨረሻው አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው የተቆረጠ ብሎን ባየ ቁጥር "አልጠበቀም ነበር" ይላል። የተቆረጠውን አንሥተው ይመልከቱት። ስብራቱ ለስላሳና የባሕር ዳር ማዕበል የመሰለ መስመር ካለበት ላልቶ በድካም የሄደ ነው። አንገቱ ቀጥኖ፣ ጥርሱ ተራርቆ ከተገኘ ግን ከልክ በላይ ተወጥሯል።

ዝላዩ ስንት እንደሚያክል እናስላ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ሳይዘል ዝም ብሎ ቢቆም 590 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) ያህል ያጠብቃል። 10 ብሎን ላላቸውና ብሎናቸው 22 ሚሊ ሜትር ለሆነ ከባድ መኪናዎችና ተሳቢዎች አብዛኞቹ አምራቾች የሚያዝዙት ከ550 እስከ 680 ድረስ ነው፤ የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር የመኪናው መጽሐፍ ይነግርዎታል። እንግዲህ ቧንቧው 1 ሜትር ተኩል፣ ሰውየው 70 ኪሎ ቢሆን ገና ሳይዘል ከ1,000 አለፈ ማለት ነው። ሲዘልበትማ ስንት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም፤ ረዳቱም አያውቅም።

ቶርክ መፍቻ (ጥብቀቱን እየለካ የሚያጠብቅ መፍቻ) መግዛት ከሁሉም ይመረጣል፤ እስከ 800 የሚለካ ትልቅ መፍቻ ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። እስኪገዛ ድረስ የእህል ማዳበሪያ የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃል። መፍቻው ላይ ቧንቧውን ይስኩና ከዳዶው መሐል ጀምሮ በትክክል 1 ሜትር ለክተው በኖራ ምልክት ያድርጉ። ቧንቧው ወደ ቀኝ፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይጋደም። ሚዛኑን ምልክቱ ላይ ያንጠልጥሉ፤ ከታችኛው መንጠቆ ገመድ በቀለበት አስረው እግር ያስገቡበትና ቀስ ብለው ይጫኑ። ሚዛኑ 60 ሲያሳይ 590 ደረሰ፤ 65 ሲያሳይ 640 አካባቢ ነው። የቧንቧው የራሱ ክብደት ሁለት ኪሎ ያህል ስለሚጨምር ያን ያህል ይቀንሱለት። ቧንቧው እየዞረ ወደ ታች ካዘነበለ ንባቡ ስለሚዋሽ መፍቻውን አውጥተው እንደገና አጋድመው ይስኩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ ከጎማ ቅያሪ በኋላ ለምን ይላላል? ቸርኬው ሲወልቅና ሲገባ በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚቀር ነገር አለ፦ ዝገት፣ የሚሌ መንገድ አቧራ፣ በቅርቡ የተቀባ ቀለም። መኪናው ጭነት ተሸክሞ ሲሄድ ይህ ሁሉ እየደቀቀ ይሳሳል። ብሎኑ የተለጠጠው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ የጥቂት ፀጉር ውፍረት ያህል መሳሳት እንኳ የመጭመቅ ኃይሉን በብዙ ያወርደዋል። ዳዶው አንድ ጥርስ ሳይዞር ጎማው ላላ ማለት ነው። ስለዚህ ጎማ በገባበት ቀን ማጥበቅ ግማሽ ሥራ ነው፤ ግማሹ ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ባለው ጉዞ ውስጥ ቆሞ መድገም ነው። ከኮምቦልቻ ባዶውን ለሚወጣ ተሳቢ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ይፈጥናል፤ ያም ሆኖ ባቲ ላይ አንዴ፣ ሚሌ ላይ አንዴ ቢነካ ይመረጣል።

ተሳቢ ከጎታቹ ይልቅ የሚቸገርበት ምክንያትም አለው። ጎን ለጎን ሁለት ወይም ሦስት አክስል ያለው ተሳቢ በጠባብ ሲታጠፍ ጎማዎቹ ወደ ጎን ይጎተታሉ፤ ያ ጉተታ በቀጥታ ቸርኬውን ከሞዞው ለማላቀቅ የሚታገል ኃይል ነው። ሹፌሩ ደግሞ የጋቢናው ጎማ ቢላላ በመሪው ይሰማዋል፣ የተሳቢው ግን አይሰማውም። በመስታወት ጭስ ሲያይ ወይም ጎማው ቀድሞት ሲያልፍ ነው የሚያውቀው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። የቸርኬውን ፊትና የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ማጽዳት፤ የሚላጥ ቀለም ካለ መፋቅ። በቸርኬው ፊት ላይ ያለው ቀለም ከአንድ ወረቀት ውፍረት መብለጥ የለበትም። በአየር መፍቻ የሚሠራ ካለ ዳዶውን እስኪቀመጥ ብቻ ያስገባ፤ የመጨረሻውን በእጅ። ከላይኛው ብሎን ጀምረን በሰዓት አቅጣጫ ከ1 እስከ 10 ብንቆጥራቸው የማጥበቂያው ተራ 1፣ 6፣ 9፣ 4፣ 7፣ 2፣ 5፣ 10፣ 3፣ 8 ነው። በዚህ ተራ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ 70 ኒውተን ሜትር፤ ቸርኬው በሞዞው ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጡን አይቶ እንደገና በዚያው ተራ ወደ ሙሉው። በክብ እየዞሩ ጎን ለጎን ያሉትን ማጥበቅ ቸርኬውን ያንሻፍፈዋል፤ የጠበቀ ይመስላል፣ ባቲ ሳይደርስ ግን ይላላል።

የተቆረጡትን ሁለት ብሎኖች በተመለከተ፣ በአንድ ጎማ ላይ አንድ ብሎን ከተቆረጠ በግራና በቀኙ ያሉትም አብረው ይቀየራሉ፤ የሱን ጭነት የተሸከሙት እነሱ ናቸውና። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ የዚያ ጎማ ብሎኖች በሙሉ ይቀየሩ። በቶርኖ ቤት ከተራ ብረት የተቀረጸ ብሎን መልኩ ያው ነው፣ ልቡ ግን አይደለም፤ የከባድ መኪና የጎማ ብሎን 10.9 የሚል ቁጥር የተመታበት ጠንካራ ብረት ነው። የተቆረጠውን በብየዳ መቀጠል ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ።

ጥያቄ፦ አይሱዙ ነው የምነዳው፣ የኋላው ድርብ ጎማ ነው። የግራው ጎማ አልፈታ ብሎን ስንታገል ብሎን ሰበርን። የቀኙ ግን እንደ ልብ ይፈታል። ደግሞስ ከውጭ ጥብቅ እያለ የውስጠኛው ጎማ ለብቻው የሚላላው ለምንድን ነው? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ የሰበራችሁት ልትፈቱ ስትሞክሩ እያጠበቃችሁ ስለነበር ነው ብለን እንገምታለን። በጃፓን ሥርዓት የተሠሩት የቆዩ አይሱዙዎች በግራ ጎማቸው የግራ ጥርስ አላቸው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ይህ የተደረገው ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶውን ወደ መፍታት እንዳይገፋው ነው። የብሎኑን ጫፍ በጨርቅ ጠርገው ይመልከቱ፤ 'ኤል' ወይም 'አር' የሚል የፈረንጅ ፊደል ተመትቶበታል። 'ኤል' ግራ ጥርስ ነው። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ውስጥ በሁለቱም በኩል ቀኝ ጥርስ የሆኑ ስላሉ በመኪናው ዕድሜ ሳይሆን በፊደሉ ይመሩ። ብሎን ሲቀየርም እንዲሁ፤ ግራና ቀኙ በአንድ ካርቶን ተደባልቆ የሚሸጥበት ጊዜ አለ።

ስለ ውስጠኛው ጎማ፦ በእነዚህ መኪናዎች ድርብ ጎማ ላይ እያንዳንዱ ብሎን ሁለት ዳዶ አለው። አንደኛው ረጅም፣ እንደ ቆብ ብሎኑ ላይ የሚደፋ፣ ውጭው ላይ ጥርስ ያለበትና ጫፉ 21 ሚሊ ሜትር ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ የውስጠኛውን ቸርኬ የሚይዘው እሱ ነው። የውጭኛው ቸርኬ በዚያ ላይ ይገባና 41 በሆነው ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶ ይታሰራል። ስለዚህ ትልቁን ዳዶ የቱንም ያህል ቢያጠብቁ ስለ ውስጠኛው ምንም አይነግርዎትም። እንዲያውም ውስጠኛው ከላላ የውጭኛው ጥብቅ መስሎ ሁለቱ አብረው ይንቀሳቀሳሉ።

ውስጠኛውን ለመፈተሽ ጎማውን ማውለቅ አያስፈልግም። የውጭዎቹን ዳዶዎች አንዱን እየዘለሉ ግማሾቹን ያላሉ፤ የላሉት ላይ 21ዱን ወደ ልኩ ያጠብቁ፤ ከዚያ የውጭዎቹን መልሰው ያጥብቁ። ቀጥሎ የቀሩትን ግማሾች በተመሳሳይ መንገድ። ባለ 6 ብሎን ከሆነ ተራው 1፣ 4፣ 5፣ 2፣ 3፣ 6 ነው። ሁሉንም የውጭ ዳዶ በአንዴ ያላሉ እንደሆነ ጎማው ተንቀሳቅሶ ከመሐሉ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ማውለቅ ግድ ነው። ጎማው አዲስ ሲገባም ውስጠኛው በውጭኛው ሳይሸፈን በፊት ሙሉ ልኩ መድረስ አለበት። ብዙ ጎሚስታ ለመቸኮል ሲል የሚዘልላት እርምጃ ይህችው ናት፤ ቆመው ቢጠብቁ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ተነሥተን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ዳዶ መፈተሽ ልማዳችን ነው። ግን አንዳንዴ ጥብቅ የነበረው ማታ ላልቶ ይገኛል። (ሹፌር፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልማዱ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱ ግን አይደለም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ቢሆንም ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይወርዳል፤ ያን ሁሉ የሚበላው ፍሬኑ ከሆነ ታምቡሩ (የፍሬኑ ሸራ የሚያርፍበት ክብ ብረት) እንደ ምጣድ ግሎ ይደርሳል። ታምቡሩ፣ ሞዞው፣ ቸርኬውና ብሎኑ እኩል አይግሉም፣ እኩልም አይለጠጡም። በዚያ ሰዓት የተለካ ጥብቀት የጋለ ብረት ጥብቀት ነው፤ ሲበርድ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ጎማው እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጥተው፣ የእጅዎን ጀርባ ታምቡሩ አጠገብ ይዘው ሙቀቱን መቋቋም ሲችሉ ይለኩ። በጋለበት ሰዓት በእጅ የሚንቀሳቀስ ዳዶ ካገኙ ግን እሱ የሙቀት ጉዳይ አይደለም፤ ወዲያው አጥብቀው ሲበርድ ይድገሙት። ለማቀዝቀዝ ብሎ ውኃ የሚደፋ አለ፤ የጋለ ታምቡር ላይ ውኃ መድፋት ታምቡሩን መሰንጠቅ ነው።

እጅዎን ወደ ጎማዎቹ ሲያስጠጉ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለ ከሆነ ነገሩ ከዳዶ ያልፋል፤ ፍሬኑ ይዞ ቀርቷል ወይም ሞዞው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እየተበላሸ ነው። እዚያ ላይ ዳዶ እያጠበቁ ጊዜ አያጥፉ።

ጥያቄ፦ ለገጠር ሥራ ባለ ሁለት ጎማ የውኃ ታንክ ተሳቢ በፒክአፕ እንጎትታለን። ዳዶው ትንንሽ ነው፣ ስንት ይጥበቅ? በየስንት ኪሎ ሜትር ይታይ? (ከደሴ)

መልስ፦ ትንሽ ተሳቢ ሰው ይንቀዋል፤ 1,000 ሊትር ውኃ ግን ታንኩን ሳይጨምር አንድ ቶን ነው፣ ሲናጥም ክብደቱ ወዲህና ወዲያ ይሄዳል። ብሎኑ ግማሽ ኢንች ከሆነ ከ120 እስከ 160 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በአብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ እንዳለው፣ ከ105 እስከ 115 ገደማ ይበቃዋል። የአምራቹ ጽሑፍ ካለ እሱ ይቅደም። ለዚህ ትልቅ ቧንቧ አያስፈልግም፤ 50 ሳንቲ ሜትር ክንድ ላይ ሚዛኑ 22 ኪሎ ሲያሳይ 108፣ 30 ኪሎ ሲያሳይ 147 ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው በዚህ መፍቻ ላይ ክብደቱን በሙሉ ቢጥል ከ300 ያልፋል፤ የትንንሽ ተሳቢ ብሎን በብዛት የሚበላሸው እንዲህ ነው።

ሲሠሩ ተሳቢው ከፒክአፑ ጋር እንደተያያዘ ይሁን፤ የሌላኛው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደገፍ። ዳዶው በአንድ በኩል ሾጣጣ ከሆነ ሾጣጣው ወደ ቸርኬው ነው የሚገባው፤ ገልብጦ ያሰረ ሰው ጠፍጣፋውን በጠርዝ ብቻ አስቀመጠ ማለት ነው፣ አይቆይም። ጎማው አየር ላይ እያለ በእጅና በቀላል መፍቻ እስኪቀመጥ፤ ክሪኩን ዝቅ አድርገው ጎማው መሬት ሲነካና መዞር ሲያቆም ወደ ልኩ። ባለ 5 ብሎን ከሆነ ተራው 1፣ 3፣ 5፣ 2፣ 4።

ተሳቢው አዲስ ከሆነ ወይም ጎማው ወልቆ ከገባ በ15፣ በ40 እና በ80 ኪሎ ሜትር ይታይ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ከሆነ 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ብለው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አይቁሙ፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሜዳ ላይ አንዴ፣ ታች ከደረሱና ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ አንዴ። ሲፈትሹ ዳዶውን መጀመሪያ አላልተው አይጀምሩ፤ እንዳለ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ይለኩት። ትንሽ ቢዞር የሚጠበቅ ነው። ከሩብ ዙር በላይ ከዞረ፣ ወይም በሦስተኛው ፍተሻም መዞሩን ካላቆመ፣ ጎማውን አውልቀው የቸርኬውን ቀዳዳዎች ይመልከቱ። ቀዳዳው ከክብነት ወጥቶ እንደ እንቁላል ከረዘመ ወይም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ያ ቸርኬ ከዚህ በኋላ የቁራሊዮ ነው።

ጥያቄ፦ ጎሚስታ ነኝ። ብሎን ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት ይገባል? አንዳንዱ ሹፌር ካልቀባህ ይለኛል፣ አንዳንዱ ከቀባህ ይቆጣል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሁለቱም በየመኪናቸው ልክ ናቸው። ዳዶ ለማጥበቅ ከምናወጣው ጉልበት አሥር በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ብሎኑን የሚለጥጠው፤ የቀረው በጥርሱና በዳዶው መቀመጫ ላይ በሰበቃ ያልቃል። ዘይት ሰበቃውን ስለሚቀንስ በዚያው 600 ላይ ብሎኑ በጣም የበለጠ ይለጠጣል። ስለዚህ በደረቁ ይጥበቅ የተባለውን ከቀባኸው ሳታውቀው ከልክ አሳለፍከው። ሾጣጣ ወይም ሉል መቀመጫ ያለው ዳዶ፣ ማለትም የአብዛኛው ፒክአፕ፣ የትንሽ ተሳቢና የአይሱዙው ባለ ሁለት ዳዶ፣ አምራቹ ካላዘዘ በቀር ደረቅ ይሁን፤ ጥርሱ በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ ዝገቱ ይራገፍ። በከባድ መኪና ላይ ያለው፣ ከሥሩ የራሱ ተሽከርካሪ ራንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) ያለው ጠፍጣፋ ዳዶ ግን በጥርሱ ላይ ሁለት ጠብታ፣ በዳዶውና በራንዴላው መካከል ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ይፈልጋል። ራንዴላው በጣት የማይዞር ከሆነ ዳዶው አርጅቷል። በየትኛውም መኪና ላይ ግን ቸርኬውና ሞዞው የሚገናኙበት ፊት ዘይት አይንካው፤ ጎማውን የሚይዘው የዚያ ፊት ሰበቃ ነውና።

ጥያቄ፦ ዳዶ ላይ የሚሰካው ባለ ቀስት ፕላስቲክ ይጠቅማል? በመዶሻ መትቶ በድምፁ መለየትስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ፕላስቲኩ ዳዶው መዞሩን ያሳያል፤ ሁለት ሁለቱን አፍ ለአፍ አድርጎ ሰክቶ ጠዋት ጠዋት በዓይን መቃኘት ጥሩ ነው። ከዳዶው እስከ ቸርኬው በቀለም የተሰመረ መስመርም ያንኑ ሥራ በነፃ ይሠራል። ከላይ እንዳልነው ግን ዳዶ ሳይዞርም ጥብቀቱን ሊያጣ ስለሚችል መፍቻን አይተኩም። መዶሻ የሚነግርዎት ጨርሶ የላላውን ብቻ ነው፤ በግማሽ የላላ ዳዶ እንደ ጥብቁ ነው የሚጮኸው። ከመዶሻ ይልቅ ዓይን ይሻላል፦ ከዳዶው ሥር ተነሥቶ ወደ ቸርኬው ጠርዝ የሚሮጥ የዝገት ቀይ መስመር፣ በዳዶው ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ ያበራ ብረት፣ ጥቁር ዱቄት የመሰለ ነገር። ከሦስቱ አንዱን ካዩ መኪናው ከቆመበት አይነሣ።